ጎረቤቶቼ የጠገኑት ጣሪያ

የኢንሹራንሱን ገማች ይዤ ቡራዩ ቤቴ ስደርስ፣ ጎረቤቶቼ ጣሪያዬ ላይ ወጥተው የመጨረሻውን ሚስማር እየመቱ ነበር።

ትናንት ነፋሱ የቤቴን ግማሽ ቆርቆሮ ነቅሎ ጓሮ ጥሎታል። ገማቹ እስኪያየው ምንም እንዳልነካ ስለተነገረኝ፣ ዛሬ ጠዋት እሱን ላመጣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለጎረቤት መንገር ግን ረሳሁ።

ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ አናጢ ጠርተው፣ የተጣመመውን ቆርቆሮ በመዶሻ አቃንተው አስመትተውታል።

«ኦቦ ገመቹ፣ ትንሽ ቢጠብቁኝ ምን ነበረበት?»

«ዝናቡ ይጠብቃል እንዴ? ልጆችሽ የት ይደሩ?»

የኢንሹራንሱ ሰው ቀና ብሎ አየ። «ታዲያ ጉዳቱ የታለ?»

ትናንት ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ግማሹ የራሴ አውራ ጣት ነው። «ይሄ የማንም ጣሪያ ሊሆን ይችላል» አለኝ።

አናጢው ከላይ ሆኖ «ከፈለጋችሁ መልሰን እንነቅለዋለን» አለ።

«እኔ እያየሁ ከነቀላችሁትማ ያፈረሰው ነፋስ ሳይሆን አናጢ ነው» አለ የኢንሹራንሱ ሰው።

በመጨረሻ ነገ ቢሮው ምስክር ይዤ እንድመጣ ፈቀደልኝ። ኦቦ ገመቹ ወዲያው ተስማሙ። «ነፋሱ ነቀለው፤ እኛ ደግሞ ጠብ እንዳይል አድርገን ሠራነው እላለሁ» አሉኝ።

አሁን እየዘነበ ነው። ሳሎኑ በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ነገ ኦቦ ገመቹ ይህን ለኢንሹራንሱ ሰው ካልተናገሩልኝ አዲስ ቆርቆሮ አላገኝም፤ እንዲናገሩ ደግሞ መጀመሪያ ገብተው ባልዲዎቹን ማየት አለባቸው። ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

እናንተ ለደግ ሰው፣ የሠራላችሁ ሥራ እንዳልተሳካ እንዴት ነገራችሁት?