በሞቴ ያልተባለበት ሻይ

ልጅ ሳለሁ የደብረ ብርሃን ብርድ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ሁላችንንም ወደ ምድጃው ይሰበስበን ነበር። ተረት የሚነግሩን የአባቴ አክስት እማማ በላይነሽ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ሲያወሩ ፊታቸውን ወደ ፍሙ ያዞራሉ፤ እኛም ጢሱ እያስለቀሰን፣ በኩራዙ ብርሃን አፍ አፋቸውን እያየን፣ እንዳያቋርጡት ሳል እንኳ እንይዝ ነበር። ያኔ ከተረት የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ይህን ተረት ጓደኞቼም ይስሙልኝ፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ሻይ ልጋብዝ ብዬ ተነሳሁ። በቤታችን ሻይ ለእንግዳ እንጂ ለልጅ አይፈላም ነበር። እናቴን ስለምናት ሰንብቼ ስኳሩንም ቅርንፉዱንም ፈቀደችልኝ፤ ዳቦ ጋግራልኝ እሷ ለቅሶ ቤት ሄደች። የጠራኋቸው ሦስት የክፍሌን ልጆች ነበር። ከሦስቱም አስበልጬ የምወደው የሺን ነበር። አባቷ ሞተው፣ እናቷ የበግ ጸጉር እየፈተሉ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ በመሸጥ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ያሳድጉ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የምትማረው ታላቅ እህቴ ለዕረፍት መጥታ፣ የሠለጠነ ሰው እንግዳውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፣ መወትወት የባላገር ነው ብላኝ ሄዳለች። እኔ ደግሞ መሠልጠን አማረኝ። ሻዩን ቀድቼ ፊታቸው ካስቀመጥኩ በኋላ ዳቦውን ይዤ በየተራ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም «ይቅርብኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ሌላ ምን ይሉ ኖሯል? በአገራችን ልጅ ሰው ቤት ገብቶ ገና ሳይለመን እጁን ከሰደደ የሚያሰድበው እናቱን ነው። እኔም ሰው ቤት ስሄድ እንደዚያው ነበርኩ። ግን «እሺ» ብዬ ዳቦውን ወደ መሶቡ መለስኩና ከደንኩት። የሺ ክዳኑን ስታይ አየኋት፤ ነገሩ አልገባኝም።

እማማ በላይነሽ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ቆይተው ገቡና ጅብን ዳኛ አድርጋ ስለ ከሰሰች አህያ ማውራት ጀመሩ። ልጆቹ ሳቁ፣ ፈሩ፣ መልሰው ሳቁ። ሻዩን ግን ማንም አልነካውም። ሲመሻሽ ተነስተው ሄዱ፤ እማማም ብርጭቆዎቹን ሊያነሱልኝ ሲዳብሱ ጣታቸው ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ገባ።

«ምነው፣ አልጠጡም እንዴ?»

«ጠግበናል አሉኝ።»

«በሞቴ አላልሻቸውም?»

ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«የሰው ልጅ ጠርተሽ ጦሙን ሰደድሽው በያ» አሉኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልለው ነጠላቸውን አጣፉና ትከሻዬን ተደግፈው ወጡ። ቅርብ የነበረው የእነ የሺ ቤት ነው። በሩ ጋ ስንደርስ የሺ ለእናቷ ስታወራ ሰማናት።

«ሻዩማ ቅርንፉድ አለው እኮ እማዬ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እያለች ሆዴ እስኪነፋ ድረስ ነው ያበላችኝ።»

«እሰይ፣ ትባረክ» አሉ እናቷ። «እኔም ጠግበሽ እንደምትመጪ አውቄ ያቺን ራትሽን ለወንድምሽ ሰጠሁት።»

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል እማማ ትከሻዬን ጠበቅ አደረጉትና በሩን አንኳኩ።

«እንደምን አመሻችሁ። ይቺ ልጃችሁ ጠግባ የተረፋትን ጥላብን መጣች። በእኛ ቤት የእንግዳ ድርሻ አይቀርም» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

የሺ በሁለት እጇ ተቀበለች። «ረስቼው ነው» አለች ቀስ ብላ፤ ወደ እኔ አልተመለከተችም። እናቷ እግዜር ይስጥልን እያሉ እንድንገባ ሲለምኑን፣ እኔ የማየው የጫማዬን ጫፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከየሺ ጋር ብዙ ዓመት ጓደኛሞች ሆነን ኖረናል። አንድም ቀን ያን ሻይ አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ይቅርታ ካልኳት በዚያ ምሽት በሩ ጋ ቆሜ መስማቴን ልነግራት ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ያወራችው የእኔን ገመና ልትሸፍን ነበር።