የባለቤቴ ብሎኖች

ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሟቹ ባለቤቴ የአሮጌ ቮልሱን ብሎን ባጠበቀ ቁጥር፣ ሲላላ እንዲታወቀው የብሎኑ ራስ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለሜ ያሰምርበት ነበር። ስንቴ ተጣላን!

መኪናዋን እሱ እንደተዋት ለማቆየት ቡሬ ላለ መካኒክ ሰጠሁ። "ብሎኖቹ በዝገት ስላለቁ ጣልኋቸው፤ የማይዝግ ይግዙ" ብሎ ፍኖተ ሰላም ላከኝ።

እዚያ አንድ የመለዋወጫ ሻጭ አዳዲስ ብሎኖች ዘረገፈልኝ። ጥርሳቸው ገና ሳይታሰሩ የተበላ ነው፤ መለስኋቸው።

"እትዬ፣ ብሎን ነው የሚገዙት ወይስ አማች የሚመርጡት?"

"አማችማ ቢከፋ ይመለሳል። ይኼ መንገድ ላይ ቢበጠስ ማን ይደርስልኛል?"

ተናዶ ከጓዳ በጨርቅ የተቋጠረ አመጣ። "እንኩ! የድሮ ብረት ነው፣ ዕድሜ ልክዎን አይዝግም። ዛሬ ጠዋት ከቡሬ የመጣልኝ።"

ቋጠሮውን ፈታሁት። በየብሎኑ ራስ ላይ ቀዩ የጥፍር ቀለሜ አለ።