ከአፍደም የመጣው ክኒን

ጅግጅጋ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ በአስተርጓሚነትና በረዳትነት ሥራ ስጀምር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሶማልኛውን ያስተማረኝ ገበያ ነው፤ ልብስ ስሸጥ፣ ስከራከርና ስሰደብ ለመድኩት። የደም ግፊት መለካቱን ደግሞ ሲስተር ሃና ስትሠራ እያየሁ ቻልኩት።

በመጀመሪያው ቀን ሲስተር፣ “ግፊቱን ከመለካትሽ በፊት እጁን ያዢና የልብ ምቱን ቁጠሪ” አለችኝ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የምሠራው።

ከታካሚዎቻችን አንዱ አዴር ሙሴ ናቸው። አዴር በሶማልኛ አጎት ነው። የካራማራን ዳገት በጭነት መኪና ሲወጡና ሲወርዱ ያረጁ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ልጃቸው ደግፎ አስገባቸው። እጃቸውን ስይዝ ምታቸው ዘገየብኝ። ሁልጊዜ የሚያስቸግረን ግፊታቸው ግን ልክ ሆኖ ተገኘ።

“አየሽ፣ ጎረምሳ ሆኛለሁ። ሚስት ፈልጊልኝ።”

“ጎረምሳ ተደግፎ ይገባል እንዴ፣ አዴር?”

ሊስቁ ሞከሩ፤ ትንፋሽ አጠራቸው።

ሲስተርን ጠራኋት። የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አነሳች። የክፍሉ ዶክተር አየውና፣ “ልባቸው በጣም ዘግይቷል፤ ምን እየወሰዱ ነው?” አለ። ጠየቅኳቸው።

“እናንተ የሰጣችሁኝን።”

እዚህ ዘመድ ለጥየቃ ይዞት የመጣው ነገር ስጦታ እንጂ መድኃኒት ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ፦ “ማን ሊጠይቅዎት መጣ? ምን ይዞ?”

ልጃቸው ቀድሟቸው፣ “አክስቴ አሻ፣ ከአፍደም። እሷም ግፊት አለባት፤ የተስማማትን ክኒን አካፈለችው” አለ።

“ከራሷ ቀንሳ ያመጣችልኝን አልፈልግም ልበላት?” አሉ አዴር፤ ክኒኑንም ከኪሳቸው አወጡት።

ዶክተሩ አገላብጦ አየው። “ክኒኑ መጥፎ አይደለም። የእህትዎ ኩላሊት ያስወጣዋል፤ የእርስዎ ግን አያስወጣውም። ሰውነትዎ ውስጥ እየተጠራቀመ ልብዎን ያዘገየዋል፤ ሊያቆመውም ይችላል።”

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

ክኒኑን አስቆማቸው። ለልባቸው መርፌ ከተሰጣቸው በኋላ፣ ይህ መድኃኒት በእጥበት የሚወጣ ዓይነት ስለሆነ ማሽኑ ላይ ተደረጉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ይዤ ነበር። ምታቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ።

“ሞተሩ ተነሳ” አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለአሻ እንዳትነግሯት። ልገድለው ነበር ብላ እንቅልፍ ታጣለች።”

“ካልነገርናቸው ሌላ ይልካሉ” አልኳቸው። ለእህታቸው ሊደውሉ ስልክ ራሳቸው ጠየቁኝ።

ለአዲስ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የኩላሊት ታካሚ ግፊቱ ልክ ሆነ ብላችሁ አትለፉት። ምቱን ቁጠሩ፤ ማን ሊጠይቀው እንደመጣም ጠይቁት።

ወይዘሮ አሻ በሚቀጥለው ጊዜ ከአፍደም ሲመጡ ለወንድማቸው አዲስ ሽርጥ ይዘው መጡ።