ሊማሊሞን የወረደ ታምቡር

ዕንባቆም የፍሬኑን ታምቡር በመዶሻ ጫፍ ለሁለተኛ ጊዜ መታና ጆሮውን አስጠጋ።

«እህሳ?» አለ አድማሴ፣ ሾፌሩ። አይሱዙው ሲሚንቶ እንደጫነ በክሪክና በግንድ ተደግፎ ቆሟል፤ የኋላ ግራ ጎማው ወልቋል። አድማሴ ነገ ጠዋት በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት መውረድ፣ አዲ አርቃይ ላይ ማራገፍ አለበት።

 ታምቡሩ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ንዝረቱ የዕንባቆም ጣት ላይ ደርሷል። ድምፁ አልደረሰውም።

ከአራዳ ገበያ ጀርባ ባሉት ጋራዦች ሰው ዕንባቆምን የሚፈልገው ለጆሮው ነው። ደህና ብረት ሲመታ ረዘም አድርጎ ያስተጋባል፤ የተሰነጠቀ ቶሎ ይታፈናል። አባቱ መሪጌታ ነበሩ። ድጓ ሲያስተምሩት ዜማው ትንሽ ከተዛነፈ አርጩሜ አይቀርለትም ነበር። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ የተረፈው ጆሮው ነበር። ያንንም ግራይንደርና መዶሻ በሉት፤ ቅርብ ያለ ሰው ሲያወራ ይሰማል፣ የብረቱ ቀጭን ድምፅ ግን ጠፍቶበታል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሐረገወይን ብቻ ናት። ጉልበቱ ደክሞ መኪና ሥር መተኛት ከተወ ቆይቷል። ብረት እየመታ ከማዳመጥ ሌላ የቀረው ሥራ የለም።

«ታች ስትደርስ ታምቡሩ ላይ ውሃ ታፈሳለህ?» አለው።

«ምነው አያ ዕንባቆም፣ ሁሉም ያፈሳል። እየጨሰ ቆሜ ልየው?»

«ቆመህ እየው። ራሱ ይቀዝቅዝ።»

«ሊማሊሞ ሥር ተጎልቼ ዝንጀሮ ልቁጠር በለኛ!»

ዕንባቆም አልሳቀም። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ፍሬን እንደያዙ ነው። ጭነቱ ከኋላ ይገፋል፤ ታምቡሩ ይግላል፣ ይለጠጣል። ታች ሲደርሱ ጀሪካን ያነሳሉ። ቀዝቃዛው ውሃ የብረቱን ፊት በአንዴ ያኮማትረዋል፤ ውስጡ ግን ገና እንደጋለ ነው። ያኔ ፊቱ በበጋ እንደደረቀ ዋልካ መሬት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ግን ከፀጉር ይቀጥናል። በሚቀጥለው ጉዞ ጭነቱና ሙቀቱ ያንኑ ስንጥቅ ትንሽ ያስረዝሙታል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ትንሽ። በዓይን አይታይም። ታምቡሩ እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ይቆማል፣ ሾፌሩም ደህና ነው ይላል።

ሦስተኛ መታው። ምንም።

«ደህና ነው» ማለት ይችላል። በቅርቡ ለብዙ ሰው እየገመተ ብሏል።

«ላምባ አምጣ» አለ። «ጠመኔም።»

«ጠመኔ? ልታስተምረን ነው?»

«አምጣ አልኩህ።»

አድማሴ ከሱቅ ይዞ መጣ። ዕንባቆም ታምቡሩን መሬት ላይ አስተኝቶ ውስጡን በላምባ አራሰው፤ እስኪሰርግ ጠብቆ በጨርቅ አደረቀው። ከዚያ ጠመኔውን ፈጭቶ ቀባበት። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን መጨፈን አማረው።

ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ነው ጠመኔውን ያረጠበው። መስመሩ ከታምቡሩ ከንፈር ተነስቶ ወደ ብሎን ቀዳዳው ሄደ። ከጎኑም ሌሎች ወጡ።

አድማሴ ቁጢጥ ብሎ አየ።

«ሦስት ጊዜ መትተኸው ምንም አላልክም እኮ።»

«አልሰማሁትም።»

«ምኑን?»

«ምንም። ጆሮዬ ሄዷል። ከሄደ ቆየ።»

አድማሴ የሚቀልድ መስሎት ፊቱን አየው። ከዚያ ተነሳ።

«ባለፈው ወር የቀኙን ታምቡር መትተህ ሂድ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሚስቴን ጋቢና አስቀምጬ ነው የወረድኩት። ውዴን!»

ዕንባቆም ቀና አላለም። «አውልቀው» አለ።

አድማሴ የቀኙን ጎማ ፈትቶ ታምቡሩን አወለቀ። ዕንባቆም ታምቡሩን ተቀብሎ ያንኑ ደገመ፦ ላምባ፣ ጨርቅ፣ ጠመኔ። በዚህኛው ላይ መስመሩ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀም።

«ስንቱን ሰው እንዲህ ብለህ ሸኝተሃል?»

«ከገና ወዲህ የመጣውን ሁሉ።»

«አሁን እነሱ መንገድ ላይ ናቸው እኮ፣ አያ ዕንባቆም!»

«ደውልላቸው። ስልካቸው አንተ ጋ አለ።»

«ምን ብዬ?»

ዕንባቆም እጁን በጨርቁ ጠረገ።

«ዕንባቆም አይሰማም በላቸው። አውልቀው ያምጡት።»

አድማሴ ስልኩን አውጥቶ ፈንጠር አለ። የመጀመሪያው ሰው ሲያነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ ከጎን ያሉት ጋራዦች ሥራ አቁመው አዳመጡ። ዕንባቆም ከአፉ እንቅስቃሴ ስሙን ሲጠራ ለየ።

አድማሴ ሁለቱንም ታምቡር ቀይሮ በሦስተኛው ቀን ወረደ። ከተደወለላቸው ውስጥ አራቱ መጡ፤ የሁለቱ ታምቡር ተሰንጥቆ ተገኘ። ዕንባቆም ከትንሣኤ በኋላ ጋራዡን ለቀቀ፤ አሁን ማራኪ ሰፈር አንድ ጅምር ሕንፃ ይጠብቃል።