ለልጄ ዋስ ልሆን ሄጄ

ያለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው... እኔና ልጄ ሳባ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አንድ ኖታዮ ቢሮ ተቀምጠናል። ኖታዮ ማለት እዚህ ሮም እንደኛ አገር ውልና ማስረጃ ነው፤ ቤት የሚገዛ ሰው እሱ ፊት ሳይፈርም አይሆንም።

ሳባ ሙቱዎ፣ የቤት ብድር ማለት ነው፣ ወስዳ ቤት ልትገዛ ነው። እኔ ደግሞ ዋስ ልሆናት። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ ነው የሄድኩት። ዋስነት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። አገሬ ሳለሁ ለስንቱ ቆሜያለሁ! ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ «አውቀዋለሁ፣ ሲፈለግ አቀርበዋለሁ» ካልኩ ሰውየውን ይለቁታል። አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ኖታዮው መነጽሩን አድርጎ ውሉን ማንበብ ጀመረ። ጮክ ብሎ እንዲያነበው ሕጉ ያስገድደዋል አሉ። ግን አነባበቡ! ማርፈዱን ያወቀ ቄስ ነው የሚመስለው። ከባንክ የመጣው ሰውዬ ደግሞ ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል።

በመሃል ኖታዮው ቀና አለና «ሲኞሬ፣ ጣልያንኛው ይገባዎታል?» አለኝ።

«ዕድሜዬን የኖርኩት እዚህ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው። ሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ በር ጠባቂ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለ ቧንቧ፣ ስለ ሊፍት፣ ስለ ጎረቤት ጠብ ከሆነ ማንም አይረታኝም። የሱ ጣልያንኛ ግን ሌላ ነው። ማንበብ የምችለውም የራሳችንን ፊደል ነው፣ እሱንም እያዘገምኩ። ይሄን ግን ለምን እነግረዋለሁ?

ሳባ ጣልቃ ገባች። «እኔ አስረዳቸዋለሁ» አለችው።

«አይቻልም» አላት። «ተበዳሪዋ እርስዎ ነዎት። በውሉ የሚጠቀም ሰው አስተርጓሚ አይሆንም፤ ሕጉ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ልጄ ትዋሸኛለች ነው የምትለው?» ብዬ ተነሳሁ።

የባንኩ ሰውዬ ኖታዮውን «ዶቶሬ፣ ሌላ ቀጠሮ አለኝ እኮ...» አለው።

ኖታዮው አልሰማውም። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይቀመጡ። እንግዲያው ዛሬ የሚፈርሙት ምን እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ» አለኝ።

«ዋስ ልሆን ነው። ልጄ አልከፍልም ብላ ብትጠፋ ከገባችበት ገብቼ አመጣታለሁ። ቃሌን እሰጣለሁ፣ አለቀ።»

የባንኩ ሰውዬ ሳቀ። ኖታዮው አልሳቀም... ሳባን አያት። ሳባ መሬት መሬቱን ታያለች።

አሁን ቀስ ብሎ፣ በሚገባኝ ጣልያንኛ ተናገረ። «ሲኞሬ፣ ባንኩ በዕድሜዎ ምክንያት እርስዎን ዋስ አድርጎ አልተቀበለም። የተቀበለው ቤትዎን ነው። ልጅዎ መክፈል ካቃታት ቤትዎን ይሸጠዋል።»

ያ ቤት... ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሰው አሮጊት ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ እስኪቆረጥ ሠርታ ከእኔ ጋር የገዛችው ነው። ያረፈችውም እዚያው አልጋችን ላይ ነው። እኔም ሌላ መግቢያ የለኝም።

እና እመኑኝ፣ መጀመሪያ ያንገበገበኝ ቤቱ አይደለም። እኔን አርጅተሃል ብለው ጥለው ቤቴን መያዛቸው ነው። ቤቱም እኮ አሮጌ ነው!

ወደ ሳባ ዞርኩ። «እውነት ነው?»

«አዎ አባባ... ብነግርዎት እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ።»

«እላለሁ እንጂ!»

ኮቴን አስተካክዬ ወጣሁ። ከኋላዬ የባንኩ ሰውዬ ሲጮህ ሰማሁ፤ ኖታዮው ደግሞ «ያልገባውን ነገር አላስፈርምም» ሲለው።

ሳባ እያለቀሰች ተከትላኝ መጣች፤ ትራም ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ለምን ፊት ለፊት አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«አባባ፣ ጠይቄዎት እሺ ያሉኝ ነገር አለ?»

«ወዲያው አልልም። እያደር ግን እላለሁ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«በይ አሁን ጠይቂኝ» አልኳት።

ትራም ሙሉ ሰው ፊት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «አባባ፣ ቤትዎን ያስይዙልኛል?»

«እምቢ» አልኳት።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። የባለቤቴ ካፖርት እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው። እሷ ብትኖር ኖሮ ሳባ መቼ እኔን ትጠይቅ ነበር... እናቷ ገና ሳትጠየቅ ትፈርምላት ነበር። ለሳባ ደወልኩና «ቀጠሮ አስይዢ» አልኳት።

በሁለተኛው ቀጠሮ የማናውቃት አስተርጓሚ መጣች፣ ጨዋ የጎንደር ልጅ። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስነበብኩ። ያልገባኝን አስደገምኩ። የባንኩ ሰውዬ ክራባቱን አላላ።

ሲያልቅ «አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ለባንኩስ ዋሱ ማነው?»

ኖታዮው «መንግሥት ይቆጣጠረዋል፤ ከበላዩ ማዕከላዊ ባንክ አለበት» አለኝ።

«እሱንስ ማን ይቆጣጠረዋል?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ሲኞሬ... ይፈርሙ እንጂ» አለኝ።

በገዛ ፊደሌ ስሜን ጻፍኩ። የባንኩ ሰውዬ ይሄ ምንድነው ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ሳባ ድሮ በዓል ካልሆነ አትደውልልኝም ነበር። አሁን በየወሩ ለባንኩ በከፈለች ቁጥር «አባባ፣ ከፍያለሁ፣ እንዳያስቡ» ብላ ትደውልና ወሬያችን ይቀጥላል፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለበላሁት ሁሉ።

ብድሩ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል... ተመስገን።