ለሰዓዳ ፊት ያበራሁት መብራት

ሰዓዳ ያን ቀን ለምን ዝም አለች? እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነቱን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን፤ እሷ ዝም አለች፣ እኔ ዋሸሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም ነበር።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ብጉርን በብርሃን ማከም የጀመርኩት እኔ ነኝ። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ የማታ ተማሪ ነበርኩ፤ ዘግይቼ ያገኘሁትን ትምህርት አጥብቄ ያዝኩት። ሰማያዊው ብርሃን ብጉር የሚያመጣውን ተሕዋስ ይገድላል፣ ቀዩ እብጠቱን ያበርዳል። ፊት ላይ የተቀባ ነገር ካለ ግን መብራቱን ማብራት አይገባም። ከማጀቴና ከአጣዬ መጥተው ፊታቸው ጠርቶ የተመለሱ ብዙ ናቸው። እኮራበታለሁ፤ እየተናዘዝኩ ነው ብዬ ሥራዬን አላሳንስም።

ሰዓዳ የመጣችው ሠርጓ ሲቃረብ ነው። እናቷ እትዬ ዘይነባ ገበያ ላይ ሎሚ ይሸጣሉ። ልጅቱ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ፣ «እማ ጠዋት ፊቴን በሎሚ አሽታኛለች፤ ችግር አለው?» አለችኝ።

ችግር ነበረው። ሎሚ የነካው ቆዳ ብርሃን ሲያገኘው፣ ይልቁንም የቆላ ፀሐይ፣ እንደሚቃጠል አንብቤያለሁ። ታጥባ፣ ተሸፋፍና ቤቷ መግባት፣ ሌላ ቀን መመለስ ነበረባት። እኔ ምን አደረግሁ? ሳመነታ፣ የተባለውን ሳይሰሙ በረንዳው ላይ ከተቀመጡት ሚዜዎቿ አንዷ፣ «ማሽኑ ሙሽራ ይፈራል እንዴ?» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። የእኔ ማሽን? በእርጥብ ጥጥ ጠረግ ጠረግ አደረግሁላትና አበራሁ። እኔ ነኝ ያበራሁት። ከዚያም በቀትር ፀሐይ ፊቷን ሳላሸፍን ሸኘኋት።

በሁለተኛው ቀን ፊቷ ውሃ ቋጠረ። እናቷ እጇን ይዘው እየጎተቱ መጡ፤ ሰው ተሰበሰበ።

«ምን አድርገሽ ነው ልጄን?»

«እትዬ፣ ያቃጠላት የእርስዎ ሎሚ ነው። ብትነግረኝ ኖሮ አላበራም ነበር።»

የሎሚው ነገር እውነት ነው፤ ውሸቴን ከእውነት ጋር አቡክቼ አቀረብኩት። እትዬ ዘይነባ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። «በገዛ እጄ» አሉ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ ያውም እኔን። ሰዓዳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ሠርጓን በሻሽ ተሸፍና አሳለፈች። ቃጠሎው የተወው ጥቁር ምልክት ከጊዜ በኋላ ለቀቃት፤ እናቷን ግን ወሬው አልለቀቃቸውም። «የገዛ ልጇን ያቃጠለች» ሲባሉ ስንቴ ሰምቼ አለፍኩ? ስንቴስ ከእጃቸው ሎሚ ገዛሁ? የሚዜዋ ሳቅ ነው ያሳተኝ ልበል? አልልም። አውቄ አበራሁ፣ አውቄ ዋሸሁ።

በቀደም ሰዓዳ ሴት ልጅ መገላገሏን ሰማሁ። አያቲቱ ሕፃኗን ቅቤ ይቀቧት ሲባሉ፣ «እኔን ተዉኝ፤ የእኔ እጅ ለፊት አይሆንም» ብለው እምቢ ማለታቸውንም ሰማሁ።

በማግስቱ ገበያ ወረድኩ። የዋሸሁት ሰው ፊት ነው፤ እውነቱን የተናገርኩትም ሰው ፊት ነው።

«የሎሚውን ነገር ነግራሽ ነበር?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«ነግራኛለች፤ ሰምቼ ነው ያበራሁት።»

«ይቺን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የተማርሽው?» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቅ «ይቅር» የሚለውን መልስ ሰው ፊት በግድ ከእሳቸው መንጠቅ መሰለኝ።

ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡና የተቀመጡበትን ድንጋይ አሳዩኝ።

«በይ ተቀመጪና ሽጪ። ቅቤ ልቀባት ነው።»