ምች ነው ያልነው እብጠት

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ዓመት አልፎታል። ግን ዛሬም የሐኪም ጓንት ሲለጠጥ የሚያሰማውን ድምፅ ስሰማ በሩን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ከዚያ ድምፅ የማልሸሽበት ጉዳይ መጥቶብኛል። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንኮበር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ወሬ እወዳለሁ። ባለቤቴ "አንቺ ሰው ብታጪ ከግድግዳ ጋር ትጫወቻለሽ" እያለ ይቀልድብኛል። ወሬኛነቴን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ከገና ጀምሮ ሲጠዘጥዘኝ ከረመ። ቅርንፉድ ነከስኩበት፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ አልሆነም። እንቅልፍ ሲያሳጣኝ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረበት ብቻዬን ነበርኩ።

ክሊኒኩ ደርሼ ወረፋ ስይዝ አጠገቤ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ዘሃራ እንደሚባሉ፣ ከአልዩ አምባ እንደመጡ፣ በርበሬ እንደሚነግዱና የፊት ጥርሳቸው እንደሚነቃነቅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አወቅሁ። መርፌ እፈራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ አፌ አያርፍም። ስለ ትምህርት ቤታችን የመዝጊያ በዓል ሳይቀር አጫወትኳቸው። ያን ዕለት ለተማሪዎቹ ፊኛ ስነፋ ቆይቼ ከንፈሬ አበጠ፤ ንግግር ላደርግ ተዘጋጅቼ መድረክ ላይ ሳልወጣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ገና ስታየኝ "ምች ነው! ላብሽን ይዘሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ። በማግስቱ ለቀቀኝ።

እትዬ ዘሃራ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ። "ታዲያ ካንቺና ከፊኛው የቱ በለጠ?" አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ያ የመጀመሪያው አልነበረም። አንድ ጊዜ ጣቴን ቢላዋ ቆርጦኝ ጤና ጣቢያ ሲሰፉልኝ እጄ እስከ ክርኔ ሽፍ ብሎ አሳክኮኝ ነበር። እሱንም ምች አልነው። እኛ ቤት ስሙ ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ምች ነው።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ነርሷ ካርዴን ይዛ "ለመድኃኒት አለርጂ አለብሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ኧረ ምንም የለብኝም" አልኳት ኮራ ብዬ። አልዋሸሁም። ምችን አለርጂ ብሎ ማን ያስመዘግባል?

ሐኪሙ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ጓንቱን አጠለቀ፣ አፌን አስከፈተኝ፣ በጣቶቹ ጉንጬን ወጥሮ ማደንዘዣውን ወጋኝ። "አሁን ከንፈርሽ ያበጠ ይመስልሻል፤ እውነት አይደለም፤ አትደንግጪ" አለኝ። ደግ ንግግር ነበር። ልትገድለኝ የነበረችው ግን ይቺው ንግግር ናት።

ምክንያቱም ትንሽ ቆይቶ ከንፈሬ አበጠ፤ እኔም እሺ፣ ያለኝ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ላንቃዬን አሳከከኝ፤ ዝም አልኩ። ጆሮዬ ውስጥ አሳከከኝ። ሐኪሙ ድዴ መደንዘዙን ለማየት እንደገና ጣቶቹን አስገባ። ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር የተቀረቀረ መሰለኝና ለመዋጥ ሞከርኩ፤ አልወረደም። ያኔ ፈራሁ። እጄን አነሳሁ። "ዶክተር" ልል ነበር፣ የወጣው ግን ሲር የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ፊቴን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ማደንዘዣው ነው! አድሬናሊን አምጪ!" ብሎ ጮኸ። እብጠት የሚያስታግሰውን ያን መርፌ ጭኔ ላይ ወጉኝ። ትንሽ አየር ገባልኝ። ነርሷ በባለ ጓንት እጇ አገጬን ደግፋ ይዛ፣ የሞላውን ምራቅ በጣቷ ትጠርግልኝ ጀመር። ልታድነኝ ነው የምትታገለው። እኔ ግን እንደገና ታፈንኩ፤ ካለፈውም ባሰ።

መታፈንን ለማያውቀው ሰው እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። አየሩ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ለእኔ የሚሆን ግን የለም። በጥርስ ልሞት ነው አልኩ በልቤ። እናቴ ያን ጊዜ አንኮበር ሆና ለእራት የምወደውን ሽሮ እየሠራችልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩና እንባዬ መጣ። ለሐኪሙና ለነርሷ የምነግራቸው ነገር ቢኖር እንኳ ምላሴ አፌን ሞልቶታል። በሕይወቴ መናገር ሲያቅተኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንዲት ሌላ ሠራተኛ ኦክስጅን ልታመጣ ስትሮጥ በሩ ክፍት ቀረ። እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ፊቴን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ያ ረቢ! ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ፊኛ ስትነፋም እንዲህ ሆና ነበር!"

"እማማ፣ እባክዎ ውጪ ይጠብቁ" አለቻቸው ነርሷ።

"አልወጣም! አሁን ራሷ ነግራኛለች። ፊኛ ነፍታ ነው ከንፈሯ ያበጠው። ልጄ፣ ፊኛ ነው የምልሽ!"

ነርሷ ልታስወጣቸው ክንዳቸውን ያዘች። ሐኪሙ ግን ባለበት ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ የገዛ እጆቹን አየ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

"ጓንት አውልቁ! ሁላችሁም! እጃችሁን ታጠቡ፤ አፏንም በውሃ እጠቡላት!" አለ።

ሁለተኛውን አድሬናሊን ወጉኝ። ሐኪሙ በታጠበ ባዶ እጁ ጭንቅላቴን ደግፎ "ተንፍሺ፣ እህቴ፣ ተንፍሺ" ይለኛል። ቀስ በቀስ፣ በቀጭኑ፣ አየር መግባት ጀመረ።

በመኪና ወደ ሆስፒታል ሲወስዱኝ እትዬ ዘሃራ ወረፋቸውን ትተው አብረውኝ ተሳፈሩ። አልጋዬ አጠገብ ቆመው የሚመጣውን ሁሉ "ጎማ ጓንት አድርገህ እንዳትነካት" እያሉ ያስጠነቅቃሉ። ዋና ሐኪም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ አይለዩም። ባለቤቴ አስር ሰዓት ላይ ሲደርስ ለእሱ አስረከቡኝና፣ ጥርሳቸው እንደተነቃነቀ፣ በመጨረሻው መኪና ወደ አልዩ አምባ ተመለሱ።

በኋላ እንደተነገረኝ ፊኛውም፣ ያ ጓንትም የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት የጎማ ዛፍ ፈሳሽ ነው፤ የእኔ ሰውነት ደግሞ አይቀበለውም። ጥርሴን ያ ወጣት ሐኪም ራሱ ነቀለልኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ክፍሉን አስጠርጎ፣ ጎማ ያልሆነ ጓንት ፈልጎ፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ታካሚ አድርጎኝ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ልብሴ በላብ ርሶ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ "በዳማከሴ ልቀብርሽ ነበር እኮ" አለችኝ። አባብዬ አልጨረስኳትም። ለጎማ ጓንት አለርጂ እንዳለብኝ የሚገልጽ ትንሽ ካርድ በፕላስቲክ አስለብጬ ማተቤ ላይ አሰርኩ። እናቴ እንዳይበላሽ ብላ እንደ ክታብ በቆዳ ልትሰፋልኝ ነበር። "እማዬ፣ እንዲነበብ እኮ ነው የፈለግሁት!" ብዬ ከእጇ ቀማኋት።

አሁን ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ጉዳይ። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ የሚስማማኝን ጓንት በስሜ አስቀምጣልኛለች። ግን ተረኛ ይቀየራል፣ ካርቶን ያልቃል፣ ምጥ ቀን አይመርጥም። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ለምርመራ ስንሄድ አንዲት የማላውቃት ነርስ ጓንቷን እየለጠጠች ስትመጣ ምላሴ ታሰረ። ካርዱ አንገቴ ላይ ነው፣ እጄ ግን አልነሳም አለኝ። እናቴ ናት ከወንበሯ ተነስታ በመካከላችን የቆመችው። "ልጄ፣ ቆይ፤ ይህ ጓንት ጎማ ነው?" አለቻት። ጎማ ነበር።

እፈራለሁ። አልደብቅም። የምፈራው ምጡን አይደለም፤ መናገር በማልችልባት ሰዓት እናቴ ውጪ ብትሆንስ የሚለውን ነው። ስለዚህ አወራለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ለሚሸጥልኝ፣ ለቅሶ ቤት ለማገኘው ሁሉ እናገራለሁ። ለፍላፊ ይሉኛል። ይበሉኝ። ከእነዚህ ሰዎች የትኛው በር ላይ ቆሞ እንደሚገኝ በምን አውቃለሁ?

ይህንንም የጻፍኩት ለዚያው ነው። አሁን እናንተም አውቃችኋል።